ስልሳ አንድ ኪሎ

ደሴ ውስጥ ድንጋይ መርገጥ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ከፒያሳ እስከ ሆጤ፣ ከዚያም ሽቅብ በየጉራንጉሩ እስከ ጦሳ ተራራ ግርጌ ድረስ መንገዱም፣ ደረጃውም፣ የየቤቱ ወለልም አንድ ዓይነት ግራጫ ንጣፍ ለብሷል። ንጣፉ የረገጠውን ሰው ያውቃል፤ ማን እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመው።

ሰዉ ለምዶታል። ነፍሰ ጡር ሴት ለባሏ ከመንገሯ በፊት ክብደቷ ወደ ተረከዟ መሸሽ መጀመሩን ንጣፉ ያይና የሐኪም ቀጠሮዋን ይልክላታል። ከሰኞ ገበያ በርበሬ ይዞ የሚመለስ ሰው በሩ ላይ ባለችው ሰሌዳ የራሱን ኪሎ ለብቻ፣ የበርበሬውን ለብቻ ተጽፎ ያገኘዋል። በርበሬው ጎድሎ ከሆነ ተመልሶ ከነጋዴው ጋር ይጨቃጨቃል። ስለራሱ ኪሎ የሚጨቃጨቅ ሰው ግን የለም።

ሰዓዳ ይመር በከተማው የእርምጃ ንባብ ክፍል ውስጥ አንባቢ ናት። ንጣፉ አንዳንዴ ይጠራጠራል፤ የጨመረው ክብደት የሰውየው ገላ ይሁን የተሸከመው ዕቃ መለየት ያቅተዋል። ያን ጊዜ የእግሩን አሻራ ወደ ክፍሉ ይልከዋል። አንባቢዋ አሻራውን ታይና ከሁለት ሣጥኖች አንዱን ትነካለች፤ አንደኛው «ሥጋ»፣ ሁለተኛው «ጭነት» ይላል። ሦስተኛ ሣጥን የለም።

በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተሳሳተችው አራት ጊዜ ነው፤ አራቱንም ከነቀናቸው ታስታውሳቸዋለች። አዲስ አንባቢ ሲመጣ የምታስተምረው እሷ ናት።

«ሥጋ የሆነ ክብደት እግር ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል» ትላቸዋለች። «ሰው ሲወፍር መሐል እግሩ እየሰፋ፣ ወለሉን እየሞላ ይሄዳል። የተሸከሙት ክብደት ግን መውረጃ ይፈልጋል። ጀርባ ላይ ከሆነ ሰውየው ወደ ፊት ያዘነብልና ጣቶቹ ይጫናሉ። ደረት ላይ ከሆነ ወደ ኋላ ይልና ተረከዙ ይመታል። ቁጥሩን ለንጣፉ ተዉለት። እናንተ አሻራውን እዩ።»

ይህን ምክር በሕይወቷ አንድ ሰው ላይ ብቻ ሳትሠራበት ቀርታለች።

ያ ሰው አባቷ ናቸው። አቶ ይመር ሙሄ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ማሽን እስኪተካቸው ድረስ አርባ ዓመት ሙሉ በከባድ መኪና መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ዳገቱ ላይ ባለችው ጠባብ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። የተመዘገቡበት ክብደት ስልሳ አንድ ኪሎ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ከተመዘገበበት ክብደት አንድ አሥረኛውን ካጣ ይነሳል። «ይነሳል» የሚለው ቃል የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው ቆላ ወዳለው መጦሪያ ይወስዱታል። መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ ምግቡም ሰዓቱን ጠብቆ ይቀርባል። ከዚያ ተመልሶ የገዛ ቤቱን በር የከፈተ ሰው ግን እስከ ዛሬ በመዝገብ የለም። አብሮት የሚኖር ሰው ያለውን ሽማግሌ ሕጉ አይነካም። ሰዓዳ «አብሮ ነዋሪ» የሚለውን ቅጽ እናቷ በሞቱ ሰሞን ጀምራው ነበር። ስሟንና የአባቷን ስም ከሞላች በኋላ ሥራ ጠርቷት ተወችው።

አንባቢ የዘመዱን ገጽ እንዲያይ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ከሥራ በፊት፣ አጠገቧ የሚቀመጠው ደምሌ የአቶ ይመርን ገጽ ይከፍትና ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ሰዓዳ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ቁጥሩን ታያለች። ስልሳ አንድ። ከዚያ ደምሌ ይዘጋዋል። ነገሩ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም፤ አሻራውን ለማየት ጊዜ አይሰጥም።

«ዛሬም እንደ ጦሳ ናቸው፤ ንቅንቅ የለም» ይላታል።

በረመዳን አጋማሽ ደግሞ «ኧረ አባትሽ በጾም እንኳ አልጎደሉም!» አላት። «ለስሑር የሚበሉትን ለኔም ይላኩልኝ።»

«ማሻአላህ በል አንተ! በዓይንህ እንዳትበላቸው» ብላ ሳቀች።

ከቢሮዋ እስከ አባቷ ደጅ አንድ ሺህ አራት መቶ እርምጃ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተራመደችው በአምናው አረፋ ዕለት ነበር። ለዒድ አልፈጥርም ልትሄድ አስባ፣ ደምሌም «ዒድሽ አይደለም እንዴ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» ብሏት፣ ያልተዘጉ ጉዳዮች አሉብኝ ብላ ቀረች። አባቷ ግን አርብ አርብ ይደውሉላታል።

«መቼ ትመጫለሽ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው አባዬ። ደግሞ በየቀኑ አይሃለሁ እኮ።»

መጀመሪያ እንዲህ ያለቻቸው ቀን ደግመው ጠየቋት። «ታይኛለሽ?»

«በየቀኑ። ስልሳ አንድ ነህ።»

ቸኮል ባለ ድምፅ «እንግዲያስ አብሽሪ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ አርብ ወዲያ መቼ ትመጫለሽ ብለው ጠይቀዋት አያውቁም። ሰዓዳም እፎይ አለች።

ረመዳን ካለፈ አንድ ወር ግድም፣ ሰኞ ጠዋት ደምሌ ገጹን ከፍቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ ሳያዞር ቀረ።

«ሰዓዳ፣ የአባትሽ ቤት ንጣፍ ደንዝዟል ይላል። ሦስት መቶ ቀን ሙሉ አንድ ቁጥር ብቻ። ጠጋኝ ልላክ?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«ያንቺ ሥራ አይደለም እኮ።»

«መፈተሻ ብረቱን አምጣልኝ» አለችው።

አሥር ኪሎውን ብረት በትከሻ ቦርሳ አድርጋ ዳገቱን ወጣች። ሽቅብ ስትሄድ ክብደቷ ወደ ጣቶቿ መሮጡን ልብ አለች፤ ልማድ ነው። ደጃፉ ላይ የአባቷ ጎረቤት እትዬ መሬማ ልብስ ያሰጣሉ።

«ውይ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አሏት። «ካንቺስ ንጣፉ ይሻላል፣ ቢያንስ ከቤት አይጠፋም።»

«አባዬ እንዴት ነው እትዬ መሬማ?»

«ደህና ናቸው። የበሩ ሰሌዳ መብራት አረንጓዴ ነው። ቅር የሚለኝ ምግብ ስልክላቸው ሳሕኑ እንደሄደ መመለሱ ነው።»

አቶ ይመር ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ ግን አልተነሱም።

«ወገቤን ይዞኛል፣ አንቺው ጎንበስ በይ።»

ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመች። ከንፈሯ አጥንት ነካ። ቀና ብላ የበሩን ሰሌዳ አየች፤ ስልሳ አንድ ይላል። ከከንፈሯ ይልቅ ሰሌዳውን አመነች።

«ንጣፉ ተበላሽቷል ስላሉ ልፈትሸው ነው የመጣሁት» አለቻቸው። አነጋገሯ የጠጋኝ እንጂ የልጅ እንዳልሆነ ለራሷም ተሰማት።

ብረቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። አሥር ኪሎ፣ ጭነት፣ አለ። ራሷ ቆመችበት። ሃምሳ ስምንት፣ ሥጋ። ንጣፉ አልደነዘዘም።

«እስቲ ከአግዳሚው እስከ በሩ ተራመድልኝ አባዬ።»

አቶ ይመር ሦስት ጊዜ ተነሱ፤ መጀመሪያ በእጃቸው፣ ቀጥሎ በጉልበታቸው፣ በመጨረሻ በወገባቸው። ከዚያ ተራመዱ። ጉልበታቸውን ሰበር፣ እርምጃቸውን አጠር አድርገው፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ እንደ ዕንቁላል እያስቀመጡ። ድምፅ አልነበረውም። በሩ ጋ ሲደርሱ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። ሰሌዳው ስልሳ አንድ አለ፣ ሥጋ፣ አረንጓዴ።

ሰዓዳ ከቦርሳዋ የንባብ መሣሪያዋን አወጣችና ከቁጥሩ ወደ አሻራው አዞረችው።

ከሦስት መቶ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷን እግር አየች። የተረከዙ ሥጋ ሟሟል፤ ክብደቱ በሙሉ የተንጠለጠለው ሁለት ጣት በማትሞላ አጥንት ላይ ነው። መሐል እግሩ ወለሉን አይነካም። ከፊት አምስቱ አጥንቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ይህ የስልሳ አንድ ኪሎ ሰው እግር አይደለም። የአርባ ምናምን ኪሎ ሰው እግር ነው፤ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ተቀምጦበታል። ይህን አሻራ ንጣፉ ተጠራጥሮ ቢልክላት ኖሮ ዓይኗን ሳታሽ «ጭነት» የሚለውን በነካች ነበር። ንጣፉ ግን አልተጠራጠረም፤ እሷም ከቁጥሩ በቀር ምንም አላየችም።

ረመዳን ትዝ አላት። አባቷ አንድም ቀን ሳይጾሙ ውለው አያውቁም፤ ወሩ ሲያልቅ በየዓመቱ ሁለት ኪሎ ያህል ይጎድሉ ነበር። ይህን ከመዝገብ አይደለም የምታውቀው። ልጅ ሆና በዒድ ማግሥት እናቷ የአባቷን ቀበቶ በወስፌ ጫፍ አዲስ ቀዳዳ ሲበሱት አጠገባቸው ተቀምጣ ታይ ነበር። ዘንድሮ ግን ቁጥሩ በጾም ወር አልተነቃነቀም። እሷ ደግሞ ማሻአላህ አለች።

«አባዬ፣ ተቀመጥና ጋቢውን አውልቀው።»

ሳይከራከሩ አወለቁት። ከእምብርታቸው በታች፣ ዳሌያቸውን ዙሪያውን፣ ከጆንያ የተሰፉ ስምንት ትንንሽ ከረጢቶች በሰፊ መቀነት ታስረዋል። ውስጣቸው አሸዋ ነበር። አሰፋፉ ጥንቅቅ ያለ ነው፤ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ እኩል። ከዚያ በላይ የደረታቸው አጥንት ብቻ ነው የሚታየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አቶ ይመር በመገረም አዩዋት። «እንዴ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታውቂው?»

«እኔ?»

«በየቀኑ አይሃለሁ አላልሽኝም?» አሉና ፈገግ አሉ። «መጀመሪያ ያልሽኝ ዕለት ደንግጬ ነበር። በቃ፣ ነቅታብኛለች፣ ሰዎቹ ነገ ይመጣሉ ብዬ ልብሴን ሁሉ አጣጠፍኩ። አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ልጄ እያየች ዝም ብላልኛለች አልኩ። ማሽኑን ላታልለው እችላለሁ፣ አርባ ዓመት የተሸከምኩበት ወገብ ነው። አንቺን ግን አላታልልሽም። አንቺ ከሩቅ ዳናዬን ሰምተሽ አባዬ ዛሬ ደክሞታል የምትይ ልጅ ነበርሽ።»

ሰዓዳ በእጇ ያለውን መሣሪያ አጠፋችው።

«ያልመጣሽውም እንዳይጠረጥሩን ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መሬማ ልጅዎ ረሳችዎ ስትለኝ በሆዴ እስቃለሁ። ምን ታውቃለች? መቼም ሰው ለአባቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ ለጎረቤት አይነገርም።»

ደጅ እትዬ መሬማ ልብስ ሲያራግፉ ይሰማል።

«አይተሻል አይደል?» አሏት፤ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ጥርጣሬ ገባ።

«አዎ አባዬ» አለች። «አይቻለሁ።»

በሕይወቷ የሐሰት ንባብ ሰጥታ አታውቅም ነበር።

«አልሁ'ኮ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። ከዚያ የመቱት ጭን አጥንት ብቻ መሆኑን የረሱ ይመስል እጃቸውን ያሹ ጀመር። ሕመሙ ከአምና አረፋ ወዲህ እንደሆነ ነገሯት። የበሉት አይረጋላቸውም። ገላቸው በቀለለ ቁጥር፣ ሰሌዳው ሳያውቅባቸው፣ በሻይ ብርጭቆ እየሰፈሩ አሸዋ ይጨምራሉ።

«ሃምሳ አምስት ብትሆንም እኮ አይነኩህም ነበር» አለች። ስሌቱን ከአፏ ማስቀረት አልቻለችም። «ስድስቱን ኪሎ በከንቱ ነው የተሸከምከው።»

«የተመዘገብኩት ስልሳ አንድ ነው» አሉ ኮስተር ብለው። «እኔ ጭነት አጉድዬ አስረክቤ አላውቅም።»

ለሐኪም እንሂድ ስትላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከመቀነቱ ጋር ቁልቁለቱን መውረድ አይችሉም፤ ጉልበታቸው አልቋል። መቀነቱን ፈተው ከረገጡ ደግሞ ሰሌዳው ቀይ ያበራል፤ ሰዎቹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደጅ ናቸው። ጉራንጉሩ መኪና አያስገባም። ሰዓዳ ትንሽ አሰበች። ንጣፉ የተቀመጠን ሰው አይመዝንም። የታዘለ ሰውም ማን እንደሆነ አያውቅም።

መቀነቱን ፈታችው። ወለሉ ላይ ስታስቀምጠው ንጣፉ ወዲያው አወቀው፤ አሥራ ሰባት ኪሎ ተኩል፣ ጭነት። ከዚያ ፊቷን አዙራ አግዳሚው ሥር ተንበረከከች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ላዝልህ ነው።»

«ሴትየዋ አበደች! መሬማ ብታየኝስ?»

«ትይ። ና።»

እጃቸውን በትከሻዋ ላይ አደረጉ። ስትነሳ ወደ ፊት ልትወድቅ ስትል በጆሮዋ «ቆይ፣ ቆይ» አሏት፤ ድምፃቸው በአንዴ የመናኸሪያው ድምፅ ሆነ። «በጀርባሽ አትነሺ። ጉልበትሽን ሰበር አድርጊና ከታች ተነሺ። እንደሱ። አሁን ቁልቁለት ነው፣ ተረከዝሽን አትወርውሪው። እግርሽን አስቀምጪው እንጂ አትጣይው። አጠር፣ አጠር አድርጊ። ጭነቱን አትታገይው፤ አብረሽው ሂጂ።»

እትዬ መሬማ እርጥብ አንሶላ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሰዓዳ አለፈቻቸው። እግሯን እያስቀመጠች ደረጃውን ወረደች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌሎችን ሸክም በመስታወት ላይ ስታይ ኖራ፣ አሁን ክብደቱ በዳሌዋ፣ በጉልበቷ አልፎ እግሯ ሥር ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማት። ትንሽ ነበር። ሊያስለቅስ በሚችል መጠን ትንሽ ነበር።

«ከበድኩሽ?» አሏት ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ።

ስሌቱን ታውቀዋለች፤ ስልሳ አንድ ሲቀነስ አሥራ ሰባት ተኩል።

«ከብደሃል አባዬ።»

«ስልሳ አንድ ነኛ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው፣ አገጫቸውን በትከሻዋ ላይ አሳርፈው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ነገር ወራት የቆየ መሆኑን ነገረቻት። «በረመዳን አካባቢ እንኳ ብታመጫቸው...» ብላ ጀመረችና ቀሪውን ዋጠችው። ሰዓዳ በሁለተኛው ቀን፣ ከአልጋቸው አጠገብ ሆና «አብሮ ነዋሪ» የሚለውን ቅጽ ሞላች። አራት ደቂቃ ፈጀ። ወዲያውኑ ጸደቀ። የአቶ ይመር ክብደት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለማንም መሥሪያ ቤት ጉዳይ መሆኑ ቀረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ። እስከ መጨረሻው ለጠየቃቸው ሁሉ «ልጄ ታውቅ ነበር» ይሉ ነበር።

ከሐዘን ስትመለስ ደምሌ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። «አንድ ጉዳይ ብቻ ነው የቆየሽ» አላት። «እኔ ልወስንበት አልቻልኩም።»

ከፈተችው። ዳገቱ ላይ ካለው ጉራንጉር እስከ ሐኪም ቤቱ በር። እንደ ደንቡ ስሙ ለአንባቢ የተሸፈነ፣ አንድ መቶ አንድ ኪሎ ተኩል። አሻራው የሴት እግር ነው። ክብደቱ ወደ ጣቶች አዘንብሏል፤ ጀርባ ላይ የሆነ ነገር አለ። እርምጃው ግን አጭር ነው፣ እኩል ነው፣ ተረከዙ አይመታም። እግሩ ተቀምጧል እንጂ አልተጣለም። ከስምንተኛው ደረጃ ጀምሮ እየተስተካከለ፣ እያማረ ሄዷል። ንጣፉ የሚጠይቀው ስለ አርባ ሦስት ተኩሉ ኪሎ ነው። ሥጋ ወይስ ጭነት?

ሰዓዳ ጣቷን አንስታ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ለረጅም ጊዜ አቆየችው።

«ልዝጋልሽ?» አላት ደምሌ።

«አይ፣ ተወው።»

ያልተዘጋ ጉዳይ በማግሥቱ ጠዋት የዝርዝሩ አናት ላይ ይመለሳል። ደምሌ አሁን ማንም ሳይጠይቀው፣ በሰዓቱ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ሰዓዳ አሻራውን ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ ሐኪም ቤቱ በር አንድ በአንድ ታነበዋለች፤ ከዚያ ሣጥኖቹን ሳትነካ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። በየቀኑ ታየዋለች።